ያልተከተቡ ሕፃናት ሒሳብ፦ ከሻኪሶ እስከ ነገሌ ቦረና

መግቢያ

በግጭት ወቅት የሞቱ ሰዎች ሲቆጠሩ ብዙውን ጊዜ የሚቆጠሩት በጥይት፣ በስለትና በእሳት ያለቁት ናቸው። ተኩስ ከቆመ ከአንድ ወይም ከሁለት ዓመት በኋላ በኩፍኝ የሚሞት ሕፃን ከዚያ ቁጥር ውስጥ አይገባም። ይሁን እንጂ ሕፃኑ ክትባቱን ሳያገኝ የቀረው በተራው ሳምንት መንገዱ ስለተዘጋ ወይም ጤና ኬላው ባዶውን ስለዋለ ከሆነ፣ የሞቱ አንዱ ምክንያት ግጭቱ ነው ማለት ይቻላል።

በዚህ ጽሑፍ ሦስት ጥያቄዎችን ለመመለስ እንሞክራለን። የክትባት አገልግሎት ለጥቂት ወራት ሲቋረጥ በማኅበረሰቡ ውስጥ ምን ይፈጠራል? ክትባት ከማምረቻው ተነሥቶ ሕፃኑ ዘንድ እስኪደርስ ባለው መንገድ ላይ ግጭት የሚበጥሰው የትኛውን ክፍል ነው? ደግሞስ በእንዲህ ያለ ቦታ መከተብ እንደሚቻል ከዚህ ቀደም የታየ ማስረጃ አለን? ምሳሌያችንን የምንወስደው ከሻኪሶና ከአካባቢው ነው።

ሻኪሶና አካባቢው

ሻኪሶ በኦሮሚያ ክልል በጉጂ ዞን የምትገኝ ከተማ ናት። ስሟ በአብዛኛው የሚነሣው በአቅራቢያዋ ካለው የለገደንቢ የወርቅ ማዕድንና ከጉጂ ቡና ጋር ነው። በደጋውና በወይና ደጋው የሚኖረው ሕዝብ አርሶ አደር ሲሆን፣ በአዶላ በኩል አልፎ ወደ ነገሌ ቦረና በሚወስደው አቅጣጫ ወደ ቆላው በተወረደ ቁጥር የአርብቶ አደሩ ቁጥር ይጨምራል። በዚህ ላይ ወርቅ በባህላዊ መንገድ የሚያወጡ ሰዎች አሉ። እነዚህ ሰዎች አዲስ ወርቅ ተገኘ ወደተባለበት ሥፍራ ከነቤተሰባቸው የሚጓዙ በመሆናቸው በአንድ ቀበሌ ውስጥ ስንት ሕፃናት እንዳሉ በእርግጠኝነት መናገር ያስቸግራል። የክትባት ዕቅድ ደግሞ የሚጀምረው ከዚሁ ቁጥር ነው።

እ.ኤ.አ. በ2018 በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ አካባቢ በተነሣው ግጭት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ከቀዬው ተፈናቅሏል። ከዚያም ወዲህ በነበሩት ዓመታት በጉጂና በቦረና ዞኖች በመንግሥት ኃይሎችና ራሱን የኦሮሞ ነፃነት ሠራዊት ብሎ በሚጠራው፣ መንግሥት ደግሞ ሸኔ በሚለው ታጣቂ ቡድን መካከል ውጊያዎች ተካሂደዋል። ከ2020 መጨረሻ እስከ 2023 ድረስ ደግሞ የቦረናንና የአካባቢውን ቆላማ ሥፍራዎች በተከታታይ ዝናብ ባለመዝነቡ ብርቱ ድርቅ መትቷቸዋል። መፈናቀል፣ የጸጥታ ችግርና ረሃብ በአንድ ሕዝብ ላይ ተደራርበው የመጡባቸው ዓመታት ነበሩ።

የክትባት መርሐ ግብሩ ምን ይጠይቃል?

የዓለም የጤና ድርጅት የተስፋፋ የክትባት መርሐ ግብር የሚባለውን እ.ኤ.አ. በ1974 ጀመረ። ኢትዮጵያ መርሐ ግብሩን የተቀበለችው በ1980 ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ ዒላማዎች ስድስት በሽታዎች ነበሩ፤ እነርሱም የሳንባ ነቀርሳ፣ ዘጊ አናዳ፣ ትክትክ፣ መንጋጋ ቆልፍ፣ ፖሊዮና ኩፍኝ ናቸው። በ2007 አምስት በሽታዎችን በአንድ መርፌ የሚከላከለው ፔንታቫለንት፣ በ2011 የኒሞኮካል፣ በ2013 የሮታ ቫይረስ ክትባቶች ተጨመሩ። በ2019 ደግሞ ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት ተጀመረ።

በዚህ መርሐ ግብር መሠረት አንድ ሕፃን በተወለደ ጊዜ፣ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት፣ በ9ኛው ወርና በ15ኛው ወር ከጤና ሠራተኛ ጋር መገናኘት አለበት። በድምሩ ስድስት ጊዜ ማለት ነው። በሰላሙ ጊዜ እንኳ ይህን ሁሉ መንገድ ጨርሰው የሚሄዱ ሕፃናት ብዙ አይደሉም። በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው፣ ከ12 እስከ 23 ወር ዕድሜ ካላቸው ሕፃናት መካከል የመጀመሪያውን ፔንታቫለንት ያገኙት ከመቶ 73 ሲሆኑ፣ ሦስተኛውን ያገኙት 53 ብቻ ናቸው። መሠረታዊ ክትባቶችን ሁሉ ያሟሉት በአገር አቀፍ ደረጃ ከመቶ 39፣ በአዲስ አበባ 89፣ በኦሮሚያ ግን 25 ነበሩ። እንግዲህ ግጭቱ የደረሰው ቀድሞውንም የሳሳ መከላከያ በነበረበት ቦታ ላይ መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

ኩፍኝ ለምን ቀድሞ ይመጣል?

ክትባት ሲቋረጥ ብዙውን ጊዜ ከሌሎቹ በሽታዎች ቀድሞ የሚታየው ኩፍኝ ነው። ምክንያቱ የመተላለፍ ኃይሉ ነው። የኩፍኝ ቫይረስ ሕመምተኛው ከወጣ በኋላ እንኳ በክፍሉ አየር ውስጥ እስከ ሁለት ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ከዚህም በላይ ታማሚው ሽፍታው ከመውጣቱ ከአራት ቀን ገደማ በፊት ጀምሮ ሌሎችን ይበክላል። እናት ልጇ ኩፍኝ እንደያዘው በምታውቅበት ሰዓት ልጁ አብረውት ለሚተኙት ሁሉ አስተላልፎ ሊሆን ይችላል።

የበሽታ ሥርጭት ተመራማሪዎች አንድ ሕመምተኛ ምንም መከላከያ በሌለው ሕዝብ መካከል በአማካይ ለስንት ሰው እንደሚያስተላልፍ የሚለኩበት ቁጥር አለ። ይህ መሠረታዊ የመዛመት ቁጥር ይባላል፤ እኛም በ‹‹መ›› እንወክለው። ለኩፍኝ ብዙውን ጊዜ የሚጠቀሰው ከ12 እስከ 18 ነው። በሽታው እንዳይዛመት ከተፈለገ አንድ ሕመምተኛ ከአንድ ሰው በላይ ማስያዝ የለበትም። ስለዚህ መከላከያ ሊኖረው የሚገባው የሕዝብ ክፍል ቢያንስ፦

1 − (1 ÷ መ)

መሆን አለበት። ‹‹መ›› 12 ሲሆን ውጤቱ ወደ ከመቶ 92፣ 18 ሲሆን ደግሞ ወደ 94 ይደርሳል። ለኩፍኝ ከመቶ 95 የሚሆኑ ሕፃናት ሁለት ጊዜ ይከተቡ የሚባለው ከዚህ ስሌት የተነሣ ነው። ይህ መጠን ሲገኝ ገና ዕድሜያቸው ያልደረሰ ጨቅላዎችና በሕመም ምክንያት መከተብ የማይችሉ ሰዎችም በሌሎች መከላከያ ጥላ ሥር ይኖራሉ።

የጉድለቱ ሒሳብ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ሒሳቡን ለማቅለል በዓመት 6,000 ሕፃናት የሚወለዱባት አንዲት ወረዳ አለች እንበል። ወረዳዋ ለምሳሌ ያህል የተፈጠረች ናት። በ9ኛው ወር የሚሰጠው የመጀመሪያ የኩፍኝ ክትባት ከተከተቡት መቶ ሕፃናት ውስጥ በ85ቱ ያህል ላይ መከላከያ ይፈጥራል። የቀሩት ባለመከላከያ የማይሆኑት በአብዛኛው ከእናታቸው የወረሱት ፀረ እንግዳ አካል ክትባቱን ስለሚያዳክመው ነው።

አንደኛ ሁኔታ። በሰላም ጊዜ ከመቶ 70 ሕፃናት አንድ ጊዜ ብቻ ይከተባሉ እንበል። 6,000ን በ0.70፣ ከዚያም በ0.85 ስናባዛ 3,570 ሕፃናት መከላከያ ያገኛሉ። በየዓመቱ 2,430 ሕፃናት ለበሽታው ተጋላጭ ሆነው ይቀራሉ ማለት ነው።

ሁለተኛ ሁኔታ። ግጭት ተነሥቶ የሚከተቡት ወደ ከመቶ 30 ወረዱ እንበል። መከላከያ የሚያገኙት 1,530 ብቻ ይሆናሉ፤ በየዓመቱ የሚጨመሩት ተጋላጮች 4,470 ይደርሳሉ።

በሙያው ዘንድ የታወቀ አንድ መለኪያ አለ። ትምህርት ቤት ያልገቡ ተጋላጭ ሕፃናት ቁጥር በአንድ ዓመት ከሚወለዱት ሕፃናት ቁጥር ጋር ሲስተካከል ሰፊ ወረርሽኝ ይጠበቃል። በምሳሌያችን ይህ ቁጥር 6,000 ነው። በመጀመሪያው ሁኔታ እዚያ ለመድረስ 30 ወራት ገደማ ይፈጃል። በሁለተኛው ሁኔታ ግን 16 ወራት ይበቃሉ።

ሦስተኛ ሁኔታም እንጨምር። ከመቶ 95 ሕፃናት የመጀመሪያውን ክትባት ቢያገኙ 1,155 ተጋላጮች ይቀራሉ። ከእነዚህ ከመቶ 90ዎቹ ሁለተኛውን ክትባት ቢያገኙና በዚህኛው ዙር ክትባቱ ከመቶ በ95ቱ ላይ ቢሠራ፣ በዓመት የሚቀሩት ተጋላጮች 167 ያህል ብቻ ናቸው። 6,000 ላይ ለመድረስ 36 ዓመት ገደማ ይወስዳል ማለት ነው።

ይህ ስሌት ብዙ ነገር የተወው ቀላል ሞዴል ነው። ሰዎች እንደሚፈናቀሉ፣ አንዳንዶች አስቀድመው ታመው መከላከያ እንደሚያገኙ፣ የሚያመልጡት ሕፃናት ብዙውን ጊዜ ያው በየዙሩ የሚያመልጡት መሆናቸውን አያስገባም። ነገር ግን አንድ ትልቅ ቁም ነገር ያስተምረናል። ተጋላጭነት ይጠራቀማል። ሰላም ወርዶ ጤና ኬላው ሲከፈትና አዲስ የሚወለዱት ሕፃናት መከተብ ሲጀምሩ፣ በግጭቱ ወቅት የተወለዱት ግን ሰው ተመልሶ ካልፈለጋቸው በስተቀር እንደተጋለጡ ያድጋሉ። በዓመቱ መጨረሻ የሚወጣው ሪፖርት የአገልግሎቱን መሻሻል ሲያሳይ እነርሱ በዚያ ሪፖርት ውስጥ አይታዩም።

ሰንሰለቱ የሚበጠሰው የት ነው?

ክትባቶች ከፋብሪካ እስከ ሕፃኑ ክንድ ድረስ በ2 እና በ8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ መካከል መቆየት አለባቸው። ይህ አሠራር የቅዝቃዜ ሰንሰለት ይባላል። የኩፍኝ ክትባት በውስጡ ያለው የተዳከመ ሕያው ቫይረስ በመሆኑ ሙቀት ይጎዳዋል። ፔንታቫለንት ደግሞ በተቃራኒው ከበረደ ይበላሻል፤ በውስጡ ያለው የአሉሚንየም ጨው ሲቀዘቅዝ ተጓጉሎ ይረጋል። ስለዚህ ማቀዝቀዣው መሞቅም ከመጠን በላይ መብረድም የለበትም።

የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ነገሌ ቦረናን ጨምሮ በየአካባቢው ቅርንጫፎች አሉት። ከእንዲህ ያለው ቅርንጫፍ እስከ ወረዳ፣ ከወረዳ እስከ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም እስከ ጤና ኬላ ያለው መንገድ በመኪና፣ በሞተር ብስክሌትና በእግር የሚሸፈን ነው። መንገዱ ለሁለት ሳምንት ቢዘጋ፣ መብራት ቢጠፋ ወይም ለማቀዝቀዣው የሚሆን ነዳጅ ባይደርስ ሰንሰለቱ ይበጠሳል። በፀሐይ ኃይል የሚሠሩ ማቀዝቀዣዎች ይህን ችግር በከፊል ያቃልላሉ። በየብልቃጡ ላይ የሚለጠፈው የሙቀት ጠቋሚም ክትባቱ በሙቀት መጎዳቱን ቀለሙን በመለወጥ ያሳያል። ሆኖም ማቀዝቀዣ ሊዘረፍ ይችላል፤ ጠቋሚውም አንባቢ ባለሙያ ይፈልጋል።

ሁለተኛው የመበጠሻ ቦታ ብልቃጡ ነው። የኩፍኝ ክትባት በዱቄት መልክ ይመጣና በመበጥበጫው ይበጠበጣል። አንድ ብልቃጥ ብዙውን ጊዜ ለአሥር ሕፃናት የሚሆን ሲሆን፣ ከተበጠበጠ ከስድስት ሰዓት በኋላ የቀረው ይጣላል። ስለዚህ አንዳንድ ሠራተኞች ክትባት እንዳይባክን በማሰብ ሕፃናት እስኪሰበሰቡ ይጠብቃሉ፤ አንዲት እናት ብቻዋን ከመጣች ሌላ ቀን እንድትመለስ ይነግሯታል። በከተማ ይህ እንግልት ነው። በተበታተነ ሰፈር፣ መንገዱም በሚያስፈራበት ጊዜ ግን ያች እናት ላትመለስ ትችላለች። የባከኑት ዘጠኝ መጠኖች ዋጋ ከአንድ ሕፃን ሕይወት ጋር ሲመዘን ለአንድም ሕፃን ቢሆን ብልቃጡ ይከፈት የሚለው መመሪያ ትክክል መሆኑ ግልጽ ነው።

ሦስተኛው ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ሠራተኞችን መድቧል። እነዚህ ወጣት ሴቶች ጤና ኬላው ውስጥ ከመሥራታቸው ሌላ የክትባት ሳጥን አንግተው ወደ መንደር የሚወጡ ናቸው። የመንግሥት ሠራተኛ መሆናቸው በታጣቂ ዘንድ፣ በየመንደሩ መዘዋወራቸው ደግሞ በጸጥታ ኃይል ዘንድ ሊያስጠረጥራቸው ይችላል። ሠራተኛዋ ስትፈራ አገልግሎቱ ይቆማል።

አራተኛው መዝገቡ ነው። የተፈናቀለ ቤተሰብ የክትባት ካርድ ይዞ አይሸሽም። ካርድ የሌለው ሕፃን መጠለያ ሲደርስ ተከትቧል ወይስ አልተከተበም የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ያባክናል። እዚህ ላይ ሳይንሱ ግልጽ መልስ አለው፤ ማስረጃ ከሌለ እንዳልተከተበ ተቆጥሮ ይከተብ። ቀደም ሲል ለተከተበ ሕፃን ተጨማሪ የኩፍኝ ክትባት መስጠት ጉዳት የለውም።

ከፈንጣጣ ዘመቻ ምን እንማራለን?

ይህ ሁሉ ሲነገር አንባቢ ተስፋ ሊቆርጥ ይችላል። ነገር ግን በደቡብ ምሥራቅ ቆላ የተፈጸመ አንድ ታላቅ ሥራ አለ። ኢትዮጵያ ፈንጣጣን የማጥፋት ዘመቻ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በጥር 1971 ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ብቻ ከ26 ሺህ በላይ ሕመምተኞች ተመዝግበዋል። ዘመቻው በለውጡ ዘመንና በምሥራቁ የትጥቅ እንቅስቃሴ መካከል ቀጠለ፤ ሠራተኞቹ በታጣቂዎች የታገቱበት ጊዜም ነበር። የመጨረሻዋ ኢትዮጵያዊት ሕመምተኛ ነሐሴ 1976 ከነገሌ ቦረና በስተምሥራቅ በሚገኘው በኤል ከሬ አካባቢ፣ ዲሞ በምትባል መንደር የተገኘች የሦስት ዓመት ልጅ ነበረች። በሚቀጥለው ዓመት በሶማሊያ የመጨረሻው ሰው ታመመ፤ በግንቦት 1980 ዓለም ከፈንጣጣ ነፃ መሆኗ ታወጀ።

ለዚህ ስኬት ምክንያት የሆኑት ምን ነበሩ? ክትባቱ በደረቅ መልክ የተዘጋጀ ስለነበር በቆላ ሙቀት ለሳምንታት ይቆያል። ሁለት ጫፍ ያለው መርፌ አጠቃቀሙ ቀላል በመሆኑ ብዙ ያልተማረ የአካባቢ ሰው እንኳ በአጭር ጊዜ ይለማመደው ነበር። ሕመምተኛው ፊት ላይ በሚታየው ምልክት ስለሚለይ፣ ቡድኖቹ እርሱን ፈልገው በዙሪያው ያሉትን ብቻ በመከተብ በሽታውን መክበብ ይችሉ ነበር።

ኩፍኝን በዚሁ ዘዴ ማጥፋት አይቻልም። ከሽፍታው በፊት የሚተላለፍ በመሆኑ ከባቢው ቡድን ሲደርስ በሽታው ቀለበቱን አልፎ ሄዷል። ክትባቱም ቅዝቃዜ ይፈልጋል። ከፈንጣጣ ዘመቻ የምንወርሰው እንግዲህ አሠራሩን ለቦታው እንዲስማማ አድርጎ መቅረጽን ነው፤ ቋንቋውን የሚያውቅ፣ በመንደሩ የሚታመን ሰው ማሰማራትን፣ ሕዝቡ ወዳለበት መሄድን።

በኢትዮጵያው ዘመቻ የተሳተፈው ብራዚላዊው ሐኪም ሲሮ ደ ኳድሮስ በኋላ በአሜሪካ አህጉር የፖሊዮ ማጥፋት ሥራን መርቷል። እ.ኤ.አ. በ1985 በኤል ሳልቫዶር መንግሥትና ሸማቂዎች ለሦስት ቀናት ተኩስ አቁመው ወደ ሩብ ሚሊዮን የሚጠጉ ሕፃናት ተከትበዋል። ጦርነቱ ከዚያ በኋላ ለዓመታት ቀጥሏል። ስለዚህ ሙሉ ሰላም እስኪወርድ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ሁለቱም ወገኖች የሚያከብሩት አጭር ጊዜ ይበቃል።

ታዲያ ምን ይደረግ?

የመጀመሪያው ነገር የዕድሜውን ወሰን ማስፋት ነው። እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 1999 እስከ ሐምሌ 2000 በጎዴ አካባቢ በነበረው ረሃብ የተደረገ ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ከሞቱት ሕፃናት መካከል ከመቶ 22ቱ፣ ከ5 እስከ 14 ዓመት ካሉት ደግሞ ወደ 17 የሚጠጉት በኩፍኝ ብቻ ወይም ኩፍኝና የከፋ ክሳት ተደርበውባቸው መሞታቸውን አሳይቷል። ለዓመታት የተጠራቀሙት ያልተከተቡ ሕፃናት ትልልቅ ልጆች ሆነው ነበር። ስለዚህ በመፈናቀያ ሥፍራ ክትባት ከ6 ወር ጀምሮ እስከ 15 ዓመት ድረስ ላሉት ሁሉ ቢሰጥ ይመረጣል። በ6 ወር የተከተበ ጨቅላ 9 ወር ሲሞላው እንደገና ይከተባል።

ሁለተኛው የተገኘችውን አጋጣሚ ሁሉ መጠቀም ነው። እርዳታ እህል በሚታደልበት፣ የቫይታሚን ኤ ጠብታ በሚሰጥበት፣ ከብት በሚከተብበትና ገበያ በሚቆምበት ቀን የሕፃናት ክትባት አብሮ ቢኖር አንድ ጉዞ ብዙ ሥራ ይሠራል።

ሦስተኛው የአካባቢውን የሽምግልና ሥርዓት ማክበር ነው። የጉጂ አባገዳዎች ቃል በሁለቱም በኩል ይሰማል፤ በጉጂና በጌዴኦ መካከልም ጎንዶሮ የሚባል ነባር የእርቅ ሥርዓት አለ። ጠበኞችን ለማስታረቅ የሚችል ተቋም ለክትባት ሠራተኛ ለጥቂት ቀናት መንገድ ለማስከፈትም ሊጠየቅ ይገባዋል። ለዚህ ግን ክትባቱ የማንም ወገን መሣሪያ አለመሆኑ በተግባር መታየት አለበት። ሳጥኑን የያዘችው ሠራተኛ በታጠቀ አጀብ መንደር ስትገባ እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ሊሸሹ ይችላሉና።

ማጠቃለያ

እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ላይ አንድም የፔንታቫለንት ዓይነት ክትባት ያላገኙ ጨቅላዎች 14.5 ሚሊዮን እንደሚሆኑ የዓለም የጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ገምተዋል። ከእነዚህ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሚኖሩት በግጭትና በመሰል ችግር በተጎዱ 31 አገሮች ውስጥ ነው። ችግሩ የሻኪሶ ብቻ አይደለም። መፍትሔው ግን በየወረዳው የሚሠራ ነው፤ የቀረውን ሕፃን የሚቆጥረውና የሚፈልገው የዚያው ቦታ ሰው ነውና።

ከአንባቢዎቻችን መካከል ነገ የጤና መኮንን፣ የስታቲስቲክስ ባለሙያ፣ የፀሐይ ማቀዝቀዣ የሚጠግን መሐንዲስ ወይም የቀበሌ ጸሐፊ የሚሆኑ አሉ። በሥራችሁ ላይ የዓመቱ የክትባት ሽፋን ከመቶ ይህን ያህል ደርሷል የሚል ሪፖርት ሲቀርብላችሁ፣ ባለፉት ዓመታት የቀሩት የት እንዳሉ ጠይቁ እንላለን።

መልመጃ

1. የፈንጣጣ መሠረታዊ የመዛመት ቁጥር 5 ነው ብንል በሽታው እንዳይዛመት ከሕዝቡ ምን ያህሉ መከላከያ ሊኖረው ይገባል? ውጤቱን ከኩፍኙ ጋር አነጻጽሩ።

2. በ2016 ጥናት መሠረት የመጀመሪያውን ፔንታቫለንት ካገኙት ውስጥ ሦስተኛውን ሳያገኙ የቀሩት ከመቶ ስንት ናቸው?

3. በአንደኛው ሁኔታ በጠቀስናት ወረዳ ክትባት ለስድስት ወር ሙሉ በሙሉ ቢቋረጥ፣ ከወትሮው በላይ ስንት ሕፃናት ተጋላጭ ሆነው ይቀራሉ? አገልግሎቱ ከተመለሰ በኋላ እነዚህን ሕፃናት ለማግኘት በአካባቢያችሁ ምን ዘዴ ይሠራል? ከመምህራኖቻችሁ ጋር ተወያዩበት።